ነፋስ ስልክና መንገደኛ፦ የመገናኛ ሬዲዮ ታሪክ በጣና ዙሪያና በዓባይ ማዶ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር ይገኛል። ስያሜው ከገመድ አልባ ቴሌግራፍ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የዘመኑ ሰዎች አዲሱን ነገር ምን ያህል አጥርተው እንደተመለከቱት ያሳያል። ከዚያ በፊት የሚያውቁት ስልክ በእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ነበረና፣ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርሰውን መሣሪያ በነፋስ የሚሄድ ስልክ አሉት። ስሙ ከሳይንሱ ቢርቅም ከቁም ነገሩ አልራቀም። የሽቦ ስልክ ምሰሶው ከቆመበት አያልፍም፤ የነፋስ ስልክ ግን ከመንገደኛው ጋር ሊጓዝ ይችላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ከመንገደኛ ጋር መጓዝ ይችላል ማለት አንድ ነገር ነው፤ መንገደኛው መሣሪያውን ይዞ ተጉዟል ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በባሕር ዳር፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻና ወደዚያ በሚያደርሱት መንገዶች ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። መሣሪያው ከበቅሎ ጭነትነት ተነሥቶ በእጅ መዳፍ እስከ መያዝ ደርሷል፤ ዋጋውም ረክሷል፤ የሚናገርበት ሰው ግን አልተለወጠም። ሬዲዮው ዘወትር የተላኪ ሰው፣ ማለትም የወታደሩ፣ የፖሊሱ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱና የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ ሆነ እንጂ፣ በራሱ ጉዳይ የሚጓዘው የአሽከርካሪው፣ የነጋዴውና የታንኳ ቀዛፊው አልሆነም። የዚህም ምክንያት በከፊል በተራራውና በገደሉ፣ በከፊል ደግሞ ከጦርነት በተገኘው ትምህርትና በሕጉ ውስጥ ይገኛል።

ጠላት ያዳመጠው ድምፅ

የስልክና የቴሌግራፍ አገልግሎት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ከዚያ በኋላ ሽቦው ወደ ልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች ቀስ በቀስ ቢዘረጋም፣ በጫካና በገደል ውስጥ የሚያልፍ ሽቦ ለመቆረጥ የቀረበ ነበረ። አንሳልዶ የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሲመረቅ አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር በራሷ ድምፅ ለመነጋገር በቃች። ጣቢያውን የሠራው ኩባንያ አገር በዓመቱ ወራሪ ሆኖ መምጣቱ የታሪክ ምፀት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር የነበሩት የሬዲዮ መሣሪያዎች እጅግ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ በእነዚሁ የሚተላለፈው መልእክትም ከጠላት ጆሮ አላመለጠም። የኢጣሊያ ጦር የጠለፋ ክፍል የኢትዮጵያን የጦር ግንባር መልእክቶች እየተከታተለ ያነብብ ነበር። ማርሻል ባዶልዮ ከድሉ በኋላ ባሳተመው የጦርነቱ መጽሐፍ ውስጥ ከማይጨው ጦርነት ዋዜማ የተጠለፉ ቴሌግራሞችን ሳይቀር አካትቷል። የጎንደር ከተማ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በስታራቼ በተመራው ባለ ሞተር ጦር ስትያዝና ያው ጦር ወደ ጣና ዳርቻ ሲወርድ፣ በሬዲዮ የሚነገረውን የሚሰማ ጠላት ምን ያህል እንደሚቀድም በተግባር ታይቶ ነበር።

ግድግዳም ጆሮ አለው የሚለው የአገራችን አባባል ለሬዲዮ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ይስማማዋል። በሽቦ ስልክ የሚናገር ሰው ለአንድ ሰው ይናገራል፤ በሬዲዮ የሚናገር ግን መሣሪያ ላለው ሁሉ ይናገራል። ከዚህ ባሕርይ ሁለት ነገሮች ይወለዳሉ። በአንድ በኩል፣ በአደጋ ላይ ያለ መንገደኛ ማን እንደሚረዳው ሳያውቅ ለሁሉም መጮህ ይችላል፤ ይህ የሬዲዮ ትልቁ በጎነት ነው። በሌላ በኩል መንግሥትም ሆነ ጦር ይህንኑ ባሕርይ በሥጋት ይመለከተዋል። በአገራችን ከሁለቱ ጎልቶ የወጣው ሥጋቱ ነበር።

በበቅሎ የተጫነ ጣቢያ

ሁለተኛው ትምህርት የተገኘው በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ መጨረሻ ከጎጃም ምድር ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው «ሚሽን 101» የተባለ ቡድን ከሱዳን ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ዘለቀ። ስሙ የተወሰደው ከአንድ ዓይነት የመድፍ ጥይት ማፈንጃ ቁጥር ነበር። ሳንድፎርድ ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የኖረ ሰው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ በመሆን ከቡድኑ ጋር የዘመቱት አዛዥ ከበደ ተሰማ ሲሆኑ፣ በኋላ ደጃዝማች ተብለው «የታሪክ ማስታወሻ» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል።

የቡድኑ ሥራ የጎጃምን አርበኞች ማስተባበርና የአገሩን ሁኔታ ለካርቱም ማስታወቅ ነበር። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ የአርበኞች መሪዎች ኃይላቸውን እንዲያስተባብሩ ከማድረጉ ጋር፣ የጦር መሣሪያና ገንዘብ የት፣ መቼና ለማን መድረስ እንዳለበት መንገር ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ በሬዲዮ ላይ የተመሠረተ ሥራ ነው። በኅዳር 1933 ዓ.ም. ኦርድ ዊንጌት በአውሮፕላን መጥቶ በሰከላ አካባቢ በተዘጋጀ ሜዳ ላይ ሲያርፍ፣ በጠላት በተከበበ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀጠሮ መያዝ የተቻለው መልእክት ከሯጭ እግር በፈጠነ መንገድ ይደርስ ስለ ነበረ ነው።

የዘመኑ መሣሪያ ግን ዛሬ ሬዲዮ ሲባል በሐሳብ ከሚመጣው ነገር ጋር አይመሳሰልም። ማጉያዎቹ የብርጭቆ ቫልቮች ሲሆኑ ኃይላቸውን የሚያገኙት አሲድ ከሞላባቸው ከባድ ባትሪዎች ነበር። ባትሪዎቹን ለመሙላት በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ያስፈልጋል፤ ለሞተሩም ቤንዚን መጫን ግድ ነው። በክረምት ጭቃና በቁልቁለት ላይ የምትንሸራተት አንዲት በቅሎ ጣቢያውን በሙሉ ልታጠፋ ትችላለች። በዚህም ላይ ሲጓዙ መነጋገር አይቻልም። ሰፈር ሲያደርጉ ረጅሙ የአንቴና ሽቦ ከዛፍ ዛፍ ይዘረጋል፤ መልእክቱ በምስጢር ቁጥር ይገለበጣል፤ ከዚያም በሞርስ ፊደል ነጥብና ሰረዝ እየተመታ ይላካል። ስለዚህ መሣሪያው ተሸካሚ ያለው ጣቢያ እንጂ ተጓዥ ጣቢያ አልነበረም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስወገድ የተከታዮቹ ዓመታት መሐንዲሶች ዋና ሥራ ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ የጌድዮን ጦር በግመል ጭነት እየታገዘ ወደ ጎጃም ደጋ ወጣ። ግመሎቹ ለደጋው ያልተፈጠሩ ስለ ነበሩ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። ጠላት ቡሬንና ደብረ ማርቆስን ተራ በተራ ሲለቅ፣ በባሕር ዳር የነበረው የኢጣሊያ ጦርም በመጨረሻ ከተማዋን ትቶ ሐይቁን ተሻግሮ ሄደ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ።

በዚህ የድል ታሪክ ውስጥ አንድ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሬዲዮውን በጎጃም ገደል ያሻገሩት የአገሩ በቅሎ ጫኞችና መንገድ መሪዎች ናቸው። እነርሱ ግን የራሳቸውን መልእክት የሚልኩት ጥንት አባቶቻቸው እንደሚያደርጉት በሯጭና በቃል ነበር። ጣቢያውን የተሸከመው ሰው በጣቢያው አልተናገረም። ይህ መልክ በሚቀጥሉት ዓመታት ሁሉ እየተመላለሰ ይታያል።

ገደሉና ሐይቁ

በዚህ አካባቢ የመገናኛ ሬዲዮ ታሪክ የመልክዓ ምድርም ታሪክ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ክፍሉ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። የሸለቆው ጥልቀት ከ1,000 ሜትር እጅግ ይበልጣል፤ ወርዶ ለመውጣት የሚያስፈልገው ጠመዝማዛ መንገድም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገደሉን ያለፈ መንገደኛ በስተመጨረሻ የሚያገኘው ጣና ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ፣ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ገላጣ ውኃ ነው።

በዛሬው የእጅና የመኪና ሬዲዮ በብዛት የሚያገለግለው ቪ.ኤች.ኤፍ. የተባለው የሞገድ ክልል ነው። ይህ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ሲያጋጥመው ይቆማል። በዓባይ ሸለቆ ውስጥ አንዲት የመንገድ እጥፋት ሁለት መኪናዎችን ለመለያየት ትበቃለች። በሜዳና በሐይቅ ላይ የሚያግደው የምድር ክብነት ብቻ ነው። የእያንዳንዱ አንቴና ከፍታ በሜትር ተለክቶ የሁለቱ ዳግም ዘሮች ሲደመሩና ድምሩ በ4.12 ሲባዛ፣ ሞገዱ የሚደርስበት ርቀት በኪሎ ሜትር ይገኛል። አንቴናቸው ሁለት ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ሁለት ጀልባዎች በዚህ ስሌት መሠረት የሚሰማሙት እስከ 12 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ከሐይቁ ወለል 300 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ሪፒተር ቢቆም ግን 77 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ማለት አንድ በሚገባ የተመረጠ ኮረብታ ለሐይቁ ትልቅ ክፍል ይበቃል።

ለገደሉ መፍትሔ የሚሆነው ኤች.ኤፍ. የተባለው አጭር ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ወደ ላይ ሲላክ በከፍተኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ በአዮኖስፌር ተንፀባርቆ ይመለሳል። ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የወጣ ሞገድ ሲመለስ እንደ ዝናብ ከላይ ስለሚወርድ ደጋውን ብቻ ሳይሆን የሸለቆውንም ወለል ያዳርሳል። ነገር ግን አዮኖስፌር የፀሐይ ተገዢ ነው። ቀን 7 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ጥሩ የነበረው መገናኛ ሲመሽ ይጠፋና ወደ 4 ሜጋ ኸርዝ ገደማ መውረድ ያስፈልጋል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሚያልፍ በመሆኑም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓቶች ሞገዱ ሊናወጥና ድምፁ ሊቆራረጥ ይችላል።

የመኪና አንቴናም የራሱ ችግር አለው። በ4 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ሩብ ርዝመት ወደ 19 ሜትር ይጠጋል፤ በመኪና ላይ የሚቆመው ዘንግ ግን ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ጉድለቱን በጥቅል ሽቦ ማሟላት ይቻላል፤ ዋጋው ግን አብዛኛው ኃይል ሙቀት ሆኖ መቅረቱ ነው። ልምድ ያላቸው የሬዲዮ ሠራተኞች ቅርብ ካለ ጣቢያ ጋር ለመነጋገር ሲፈልጉ መኪናውን አቁመው ዘንጉን ወደ ኋላ ደጋን አስመስለው የሚያስሩት፣ ሞገዱ ወደ ጎን ከመሄድ ይልቅ ወደ ላይ እንዲወጣ ለመርዳት ነው።

ከጦር ሜዳ ወደ አውራ ጎዳና

በሌላው ዓለም ሬዲዮ መኪና ላይ የወጣው በፖሊስ አማካይነት ነው። የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1928 ለመኪናዎቹ መልእክት ማስተላለፍ ጀመረ፤ መኪኖቹ ግን ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም ነበር። ከሁለቱም ወገን መነጋገር የተቻለው በኒው ጀርሲ ግዛት በቤዮን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ዳንኤል ኖብል የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940 ለኮኔቲከት ግዛት ፖሊስ በኤፍ.ኤም. ዘዴ የሚሠራ መገናኛ አቆመ፤ ይኸው ሰው በኋላ በጦርነቱ ጊዜ በጀርባ ለሚታዘለው ዎኪ ቶኪ መሠራት ድርሻ ነበረው።

ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝብ ሄደ። በአውስትራሊያ አልፍሬድ ትሬገር እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው በፔዳል የሚንቀሳቀስ ሬዲዮ በረሃ ላይ የሚኖረውን ገበሬ ከበራሪው ሐኪም ጋር አገናኘው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ለተራው ዜጋ በ27 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የተፈቀደው መገናኛ፣ ከ1973 የነዳጅ ችግር ወዲህ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የዕለት ጓደኛ ሆነ።

በኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም.፣ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ደግሞ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋሙ። ሁለቱም የዓለም ባንክ ለአገሪቱ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች ተጠቃሚዎች ነበሩ። በዚህም መንገድና ድምፅ በአንድ ዘመን፣ በአንድ የገንዘብ ምንጭ፣ ግን በሁለት መሥሪያ ቤቶች አደጉ። መንገዱ ለሁሉም ተከፈተ፤ በሬዲዮ መናገር ግን የፈቃድ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. የፖሊ ቴክኒክ ተቋም፣ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ አግኝታ የኢንዱስትሪ ከተማ ስትሆን፣ ጥጡንና ነዳጁን የሚያመላልሰው አሽከርካሪ ከደብረ ማርቆስ ከወጣ በኋላ የት እንደደረሰ የሚያውቅለት አልነበረም።

አሽከርካሪው ግን ያለ ዘዴ አልተቀመጠም። መኪናው የተበላሸበት ሰው ከኋላና ከፊት ቅጠል ቆርጦ በመንገዱ ላይ ያነጥፋል፤ ያ ቅጠል ለሚመጣው ሁሉ «ቀስ በል፣ የቆመ መኪና አለ» ማለት ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና በመብራቱ ብልጭታ ይናገራል። በፊያት ኤንትሬ ላይ የሚጓዙ ሾፌሮች መስኮት ለመስኮት ቆመው ስለ ጎርፍ፣ ስለ ናዳና ስለ ሽፍታ ይጠያየቃሉ። ቁራጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ የእርዳታ ጥያቄ በማያውቁት ሾፌር እጅ ደጀን ወይም ባሕር ዳር ይደርሳል። ይህ ሥርዓት መሣሪያ የሌለው መገናኛ ነበር፤ የሚሠራውም ሬዲዮ በሚሠራበት መርሕ፣ ማለትም የሰማ ሁሉ ያስተላልፋል በሚለው ደንብ ነው። ፍጥነቱ ግን ከመኪና ፍጥነት አይበልጥም፤ ሌሊትም ይቋረጣል።

ሬዲዮ ያለው ሰው ቢሆንም ከአደጋ ነፃ እንዳልነበረ የዓባይ ጉዞ ታሪክ ያስረዳል። በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የሚመራ የብሪታንያ ቡድን በነሐሴ 1960 ዓ.ም. እና በመስከረም 1961 ዓ.ም. በዓባይ ሸለቆ ታላቅ የአሰሳ ጉዞ አድርጓል። ከቡድኑ የተወሰኑት በአየር በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ከጣና መውጫ ጀምሮ ቁልቁል ወርደዋል። ቢቨር የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ከላይ ትረዳቸው ነበር፤ በገደል ውስጥ ላለ ሰው ከሁሉ የተሻለው አንቴና ከአፋፉ በላይ የሚበርር ነውና። ሆኖም ከቡድኑ አንድ ወታደር የዓባይን ገባር ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። ሬዲዮ ዜናን ያፈጥናል፤ የድልድይን ቦታ ግን አይተካም። ይህን መዘንጋት ለመሐንዲስ አይገባም።

የነጭ መኪናዎች ዘመን

ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ባሉት ዓመታት የመገናኛ ሬዲዮ በሰሜን ኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ከቀድሞው ይልቅ በብዛት ታየ። የእርዳታ ድርጅቶች ነጭ መኪናዎች ከፊት መከላከያቸው ላይ በሚወዛወዘው ረጅም ዘንግ ይታወቁ ነበር። ከመሣሪያዎቹ አንዱ በአውስትራሊያው ኮዳን ኩባንያ የተሠራው ስለ ነበረ፣ ኮዳን የሚለው ቃል በሾፌሮች አንደበት የመኪና ሬዲዮ ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ባሕር ዳር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የክልሉ ርእሰ ከተማ ስትሆን ብዙ ድርጅቶች ቢሯቸውን በዚያ ከፈቱ፤ በየጣራው ላይም የአንቴና ሽቦ ተዘረጋ።

የአሠራሩ ጥንካሬ ከመሣሪያው ይልቅ በደንቡ ላይ ነበር። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ሾፌሩ ስሙን ሳይሆን የጥሪ ምልክቱን ይናገራል፤ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለ። የሬዲዮ ክፍሉ ሠራተኛ የመነሻውን ሰዓት፣ የሚሄድበትን ቦታና የተሳፋሪዎቹን ቁጥር በመዝገብ ላይ ይጽፋል። በተወሰነ ሰዓት ጥሪ ይደረጋል፤ መልስ ሲጠፋ እንደገና ይጠራል፤ አሁንም ሲጠፋ ፍለጋ ይጀመራል። የዚህ ሥርዓት ምስጢር ዝምታ ራሱ መልእክት መሆኑ ነው። መኪናው የተገለበጠበት ሾፌር መናገር ባይችል እንኳ፣ በቀጠሮው ሰዓት አለመናገሩ ስለ እርሱ ይናገርለታል። ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ የቆመን መኪና ከባሕር ዳር ጋር ሲያገናኝ፣ ከእርሱ ጎን ተሳቢው የተሰበረበት የግል ከባድ መኪና ሾፌር ግን ቅጠል ማንጠፉን አልተወም። ሁለቱ በአንድ ገደል ውስጥ ነበሩ፤ አንዱን የሚጠብቀው መዝገብ አለ፤ ሌላውን የሚጠብቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው።

ሕጉም በዚያው አቅጣጫ ቀጠለ። የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ ቁጥር 49/1989 የፈቃድ ሰጪነቱን ሥልጣን ለአንድ ኤጀንሲ ሰጠ። አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ መያዝን በከባድ ቅጣት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ። ከ1928ቱ ጦርነት የተወረሰው ሥጋት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ አካባቢ የታየውም የኋላው ዘመን ግጭት ሥጋቱን አላቀለለውም። ሆኖም ሥጋት ሕግን ሲጽፍ አደጋ ላይ የወደቀው ሰው ከሒሳቡ እንዳይወጣ የሚያስታውስ ያስፈልጋል።

የሞባይሉ ምቾትና ዝምታው

ሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲዛመት የመገናኛ ሬዲዮ ዘመን ያለፈ መሰለ። አሽከርካሪው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ድምፅ በኪሱ ያዘ። ይህ ታላቅ ለውጥ እንደሆነ አይካድም። ነገር ግን ሞባይል ስልክ ሬዲዮ ቢሆንም ብቻውን የማይቆም ሬዲዮ ነው። በአንድ መንገድ ላይ መቶ ሜትር ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሰዎች በስልክ የሚነጋገሩት ማማው፣ ማማውን ከማዕከሉ የሚያገናኘው መስመርና የማማው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁሉም ሲሠሩ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ሁለቱም ዝም ይላሉ። በሁለት የእጅ ሬዲዮዎች መካከል ግን ከአየር በቀር ማንም አይገባም።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በጦርነቱ ምክንያት ሲቋረጥ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ አንድ መስመር ብቻ ያለው ኅብረተሰብ ያ መስመር ሲቆረጥ ምን ያህል እንደሚራቆት ታይቷል። በእንዲህ ያለው ጊዜ የሾፌሩ መገናኛ ወደ ቅጠሉና ወደ መስኮቱ ይመለሳል።

በሐይቁ ላይም ነገሩ ያው ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ ደሴትና ወደ ጎርጎራ የሚጓዙ ሰዎች የሚሳፈሩት በሞተር ጀልባ ሲሆን፣ የደንገል ታንኳም ከጥንት እስከ ዛሬ ከሐይቁ አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የጣና ነፋስ ማዕበሉን ሲያስነሣ በሐይቁ መካከል ያለ ጀልባ ከሁሉም ዳርቻ ይርቃል። ከላይ እንደተሰላው ግን በአንድ ኮረብታ ላይ የሚቆም ሪፒተር፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪና በየጀልባው የሚቀመጥ አንድ የእጅ ሬዲዮ ብዙ ችግር ሊያቃልሉ ይችላሉ። ይህን ለመሥራት አዲስ ሳይንስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ለአንድ የአደጋ ጥሪ ሞገድ የሚሰጥ ፈቃድ፣ ሌሊትና ቀን የሚያዳምጥ ሰውና አንድ መዝገብ ነው።

ሙያው የሚጠየቀውም በዚህ ላይ ነው። የመንገድ መሐንዲስ ሲቀይስ የድልድዩን፣ የቦዩንና የአስፋልቱን ሒሳብ ያወጣል፤ መንገደኛው ሲወድቅ በምን እንደሚጣራ ግን በዕቅዱ ውስጥ አይጽፍም፤ ያ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው ይላልና። የመገናኛው መሐንዲስ ደግሞ የሕዝብ ቁጥር ያለበትን ከተማ ይሸፍናል፤ ባዶው ገደል የእርሱ ገበያ አይደለም። መንገዱና ድምፁ በ1940ዎቹ በሁለት መሥሪያ ቤቶች እንደ ተከፈሉ የሙያ ሐሳብም ተከፍሎ ቆይቷል። ለአምቡላንስ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስና ለሐይቅ ጀልባ የሚያገለግል፣ ፈቃዱ ለሁሉም የታወቀ፣ የሚሰማውም ለጸጥታ አስከባሪው ግልጽ የሆነ አንድ የጋራ ሞገድ የመንግሥትን ሥጋትና የመንገደኛን ችግር ሊያስታርቅ ይችላል። ምስጢር የሌለው ጥሪ ለጠላት የሚጠቅም ነገር የለውምና።

የቀድሞ ሰዎች አዲሱን መሣሪያ ነፋስ ስልክ ብለው ሲሰይሙ ነፋስ የማንም ንብረት አለመሆኑን ሳያስቡ አልቀሩም ይሆናል። በጎጃም ገደል ጣቢያውን በትከሻውና በበቅሎው ያሻገረው ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ በዚያው መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል። መኪናው ሲቆም ግን የሚያነጥፈው የአባቱን ቅጠል ነው። ነፋስ ስልክ ታሪኩን የሚፈጽመው እርሱም ሲናገርበት ነው።